ወንድሜ ከኮርኒስ የወረደበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ፣ በልጄ ሱቅ ውስጥ ከወንድሜ ከሰይድ ጋር ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን። ጠፈር ላይ ወራት የኖረ ሰው ወደ ምድር ተመልሶ፣ መቆም አቅቶት በሸክም ያወጡታል። እዚያ ክብደት ስለሌለ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ አጥንትም ይሳሳል አለ ተናጋሪው። ሰይድ ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርጎ፣ «ወላሂ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ» ብሎ ሳቀ። ለእኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ነገሩ የሆነው በልጅነታችን፣ በአፈሳው ዘመን ነው። ወጣት ወንድ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫን ነበር። እኔ አሥራ አምስት፣ ሰይድ አሥራ ስምንት ዓመታችን። ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን ውስጥ፣ በቆርቆሮውና በጣውላው ኮርኒስ መሃል ሸሸግነው። ቁጭ ማለት እንኳ አይቻልም፤ ተጋድሞ ነው። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤት አሳባቂ ስለነበር ሌትም አናወርደውም። እናታችን ፋብሪካ ስትውል ጠባቂው እኔ ነኝ። ቂንጬውን በገመድ እልካለሁ፣ የሽንቱን ባልዲ አወርዳለሁ፤ ጣውላው ሲንቋቋ ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት ከታች እየጎሸምኩ፣ «አትንቀሳቀስ!» እለዋለሁ።

«ዘይነባ፣ እግሬን ላፍታታው እንጂ።»

«ስትሞት ታፍታታዋለህ!» ምላሴ ክፉ ነበር።

ክረምቱ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አለፈ፤ የቦርከና ወንዝ ሙላት ጎደለ፤ የበጋው ሐሩር ገባ። ታዘዘኝ፤ አልተንቀሳቀሰም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ታጣቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። አንዱ ኮርኒሱን በሳንጃ ወጋ ወጋ ሲያደርገው ደም ጠብ አለ። የሰይድን ትከሻ ነበር ያገኘው። ጣውላውን ገንጥለው ጎትተው ጣሉት።

«ተነስ!»

ሊቆም ሞከረ፤ እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈ።

«ያስመስላል፣ ውሻ!» ብሎ አንዱ በሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱ እግሬ ሥር ወደቀ። ዘልዬ የመታውን ሰውዬ ክንድ ነከስኩ፤ በጥፊ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ አንካሳ ነው!» አልኩ ደም እየተፋሁ።

«እናየዋለን!» አለና ሰደፉን ቅልጥሙ ላይ አሳረፈው። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ ሲል ዛሬም ይሰማኛል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። መቺው ራሱ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «አንዴ ብቻ እኮ ነው የመታሁት!»

አለቃቸው ጎንበስ ብሎ አየው። «ተዉት፤ ይሄ ምን ይሠራልናል?» ወጡ።

እግሩ በወጌሻ ቢታሰርም አጥሮ ቀረ። ያንን ሰውዬ ስረግም ዕድሜዬን ጨረስኩ። ቴሌቪዥኑ ፊት ግን፣ አጥንቱ እንደዚያ የሳሳው በእኔ «አትንቀሳቀስ» መሆኑ ገባኝ።

«ሰይዴ፣ ግማሹን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ደህና እግር ቢኖረኝማ ይወስዱኝ ነበር። ከኛ ሰፈር ከሄዱት ማን ተመለሰ?» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። «በይ አንሺኝ፤ ዛሬስ ልንቀሳቀስ ፍቀጂልኝ።»

ክንዱን ይዤ የፒያሳን ቁልቁለት ተያያዝነው። በመሃል ክንዱን አስለቅቆኝ ብቻውን ፈጠን አለ። ቀስ በል ልለው አፌን ከፈትኩና ዋጥኩት።