የሚስተር ሌስሊ ጧፍ ማቆሚያ

ትናንት ጠዋት በገዛ እጄ ፖሊስ ቤታችን ጠራሁ... ያውም እናቴ ይዛ በተገኘችው ዕቃ ምክንያት።

እዚህ እንግሊዝ አገር ስቶክዌል፣ ከምንኖርበት ፍላት ሥር ሚስተር ሌስሊ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። እሁድ እሁድ ገጠር ወዳለው የወዳጃቸው እርሻ እየሄዱ ጥንቸል ያድናሉ። ሲመለሱ ከኩሽናቸው ቀስ ያለ ማንኳኳት ይሰማናል... ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከዚያ ጸጥ። ምን እንደሚያንኳኩ ጠይቀናቸው አናውቅም።

ባለፈው ወር አረፉ። እማዬ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብላ ንፍሮ ቀቀለችና ልቅሶ ልንደርስ ነው አለችኝ። እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም ብላት ማን ሊሰማኝ። ወረድን። ከሴት ልጃቸው በቀር ማንም አልነበረም። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቧ ቁጭ ስትል ሴትየዋ አለቀሰች። ልንወጣ ስንልም «ለማስታወሻ የወደዳችሁትን ዕቃ ውሰዱ» አለችን።

እማዬ ኩሽና ውስጥ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ላይ ቆሞ የነበረ ጥቁር ቱቦ አነሳች። የእጅ ባትሪ ያክላል፤ ጫፍና ጫፉ ቀዳዳ አለው።

«ይቺ ለጧፌ ማቆሚያ ትሆነኛለች።»

ሆነችላትም። በየጠዋቱ ጧፏን ሰክታ ትጸልያለች፤ ሰሙ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ትንሽ ቆይቶ «ልጄ፣ ሚስተር ሌስሊ ዛሬም አንኳኩ» አለችኝ።

«የቧንቧ ድምፅ ነው እማዬ።»

ታች ቤቱ ባዶ ነው፤ ሴትየዋ ቁልፉን አስረክባ ሄዳለች። እሁድ ከሰዓት ግን እኔም ሰማሁት... ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከታች አልነበረም። ከእኛ ኩሽና ነው። ሮጬ ገባሁ፤ ማንም የለም። ቱቦው መስኮቱ ሥር ቆሟል።

አንስቼ ሳገላብጠው .22 የሚል ተቀርጾበታል። ስልኬ ላይ ፈልጌ ክው አልኩ። የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ነው። ያለ ፈቃድ ቤት ማስቀመጡ ያሳስራል። የእማዬን ሲቲዝንሺፕ ደግሞ አፕላይ አድርገን መልስ እየጠበቅን ነው። ስንት የተሳለችበት ነገር በዚህ ቱቦ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ብጥለው ደግሞ ይብስ ይሆናል። ሲነጋ ደወልኩ።

ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው የመሣሪያ ፈቃድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ጠመንጃውን ሽማግሌው እንደሞቱ ፖሊሶች ወስደውታል፤ ይሄኛው ቦይለሩ ላይ ስለነበር አላዩትም።

«እዚያ ያቆሙት እንዲደርቅ ነው» አለኝ። «ጠመንጃው ላይ ከተተወ እርጥበት ውስጡን በዝገት ይበላዋል። ጥላሸቱን ደግሞ እንጨት ላይ እያንኳኩ ያራግፉታል። እንዲህ የያዘው ሰው ዕድሜ ልኩን ይገለገልበታል።»

እንግሊዝኛ ብዙም የማትሰማው እማዬ፣ ሰውየው በጣቱ ጠረጴዛውን ሲያንኳኳ ቀና ብላ አየችኝ።

ልጃቸውም ብትሆን ለእኛ መስጠት አትችልም ነበር አለ። ፈቃዱ የአባትየው ነው፤ ሲሞቱ አብሮ አበቃ። ራሳችን ደውለን ስላስረከብን ግን ችግር የለውም ሲል ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ ጓንቱን አጥልቆ ቱቦውን ፈታታውና... ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ጧፍ ነዶበት አንዲት ጠብታ ሰም የለም። ውስጡ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«ዘይቱ ገና እርጥብ ነው» አለ። አሁን ድምፁ ተቀይሯል። «ሰሞኑን ማነው የፈታው?»

እኔ አልፈታሁም። እማዬ እንደሆነች በቁርጥማት የተነሳ የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ እንኳ እኔ ነኝ የምከፍትላት። ያ የተመለሰው ትንፋሼ እንደገና ጠፋ። ዞሬ ጥያቄውን ነገርኳት።

«ባለቤቱ ናቸዋ» አለች፣ ረጋ ብላ። «ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«አላውቅም ነው የምትለው» ብዬ ተረጎምኩ።

ሰውየው የእማዬን የተጣመሙ ጣቶች ትንሽ አያቸው። ሌላ አልጠየቀም። ቱቦውን ከረጢት ውስጥ ከቶ፣ አመስግኖን ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ጧፏን ብርጭቆ ውስጥ አቁማ ለሚስተር ሌስሊ ነፍስ ጸለየች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ... ሳልጠራ።

ሕጉ ፈቃድ በሞት ያበቃል ይላል። ይህን ለሚስተር ሌስሊ የነገራቸው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።