አለፍኩ ያልኩበት መስከረም

ባለፈው ሰሞን ከደባርቅ መናኸሪያ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን እያየች ድንገት ፊቷ አመድ መሰለ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በዚያ ቀን እንደሚለቀቅ ሰምቼ ስለነበር መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ፌል አድርጌአለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ለእማዬ ግን ኔትወርክ እምቢ አለኝ እላታለሁ» አለች።

ያሁን ልጆች «ፌል» ይላሉ። በእኛ ጊዜ ቃሉ «ወደቀ» ነበር። ጥይት ይከሽፋል፣ ነጋዴ ይከስራል፣ እህል ይመክናል፤ ተማሪ ግን ይወድቃል። ቃሉ አይደለም ያስደነገጠኝ። የኔትወርኩ ነገር ነው አርባ ዓመት ወደ ኋላ የወሰደኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ወድቄያለሁ። ቤታችን ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። አክስቴ ዳባት ስለምትኖር የተማርኩት እዚያ ነው፤ እሑድ እሑድ የሳምንት ስንቄን፣ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ በከረጢት ይዤ በጭነት መኪና እወርድ ነበር። ከሰፈራችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ከእኔ በፊት አልነበረም። ስለዚህ ትምህርቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን እማማ ጥሩ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ «ትምህርታችን እንዴት ነው?» ይሉኝ ነበር።

የማትሪክ ውጤት መስከረም ላይ መጣ። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የአላፊዎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሜ የለም። እስከ ደባርቅ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በላይ በእግሬ ተጓዝኩ። ዳገቱ በሙሉ የባቄላ አበባ ይሸት ነበር፤ እንዲህ ባማረ ቀን እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ወጣሁ።

እናቴ ጠላ ጠምቃ ጎረቤቱን ጠርታ ኖሯል። ገና ከአጥሩ ሳልገባ እልልታው ተቀበለኝ። እማማ ጥሩ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አለፍክ፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ያቺን አንዲት ቃል ስንት ጊዜ አሰብኳት! እንዳልዋሽ ያሰብኩትን ሁሉ እልልታው ወሰደው። ወዲያው ስጦታው መጣ። እማማ ጥሩ የባላቸውን ጋቢ፣ ሳንቃ በር የፓርክ ጥበቃ የነበሩት ጋሽ ፈንታ ደግሞ የወታደር ጫማቸውን ሰጡኝ። «መቼ ነው የምትሄደው?» ሲሉኝ፣ «ጥሪ እየጠበቅኩ ነው» እላለሁ። ጥቅምት አለቀ። እንጀራ አልወርድ አለኝ። እናቴ ናፍቆታችን ከወዲሁ ጀመረው ብላ ስታዝንልኝ፣ የባሰ አፈርኩ።

ኅዳር ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ከነፋስ ጋር ወርዶ ገብሳችንን መሬት ላይ አነጠፈው። ገበሬው ጋሸበ ይለዋል። እኔና አባቴ ለአጨዳ ወጣን። እሳቸው ጎንበስ ብለው የተኛውን በግራ እጃቸው እየሰበሰቡ ያጭዳሉ፤ እኔ ወገቤን ፈርቼ ቀጥ ብሎ የቆመውን እየመረጥኩ አጭዳለሁ።

«ያንን ተወው» አሉኝ።

«ምነው፣ አባባ? ያልወደቀው እኮ ነው።»

«ውርጭ የመታው ነው። መክኗል፤ ምን ፍሬ ኖሮት ይጎንበስ? ይሄኛው ፍሬው ከብዶት ነው ነፋስ የጣለው። ጎንበስ ብሎ ላነሳው እህል ነው።»

ስለ ገብስ ብቻ ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። ማጭዱን ጣልኩና፣ «አባባ፣ ወድቄያለሁ» አልኩ።

ደንግጠው እግሬን አዩ። «የት ላይ? ማጭዱ ቆረጠህ እንዴ?»

«ፈተናውን ነው፣ አባባ። አላለፍኩም። ዋሽቼአችሁ ነው።»

ድንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ከከረጢቱ የበሶ ጭብጦ አውጥተው ለሁለት ከፈሉና ትልቁን ሰጡኝ። እያለቀስኩ በላሁ።

«እኔ በልጅነቴ ለድቁና ተልኬ ዜማው አልገባ ብሎኝ የኔታ መልሰውኛል» አሉ። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። «አባቴ ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አልልህም። በፈተና ብትወድቅ ከዓይኔ አልወደቅህም። ውሸቱን ግን ለሰጡህ ሰዎች እሑድ አንተው ትነግራቸዋለህ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«አብሬህ እቆማለሁ። አፉ ግን ያንተ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተሰብስቦ ዳቦ ሲቆረስ፣ ጋቢውንና ጫማውን ታቅፌ ቆምኩ። አባቴ አጠገቤ ናቸው። በትንሽ ድምፅ ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ጥሩ ናቸው። «መዋሸትህ ከፍቶኛል» አሉ፤ እውነትም ከፍቷቸው ነበር። ቀጥለው ግን ጋቢውን አዩና፣ «ይሄንን ምን ልታደርገው ነው ያመጣኸው? እንዳይበርድህ ነው የሰጠሁህ። የወደቀ ሰው አይበርደውም?» አሉኝ።

ጋሽ ፈንታ ጫማቸውን ተቀበሉኝ፤ ለካ ሌላ አልነበራቸውም። በማግሥቱ ግን ያንኑ ጫማ አጥልቀው ሳንቃ በር ይዘውኝ ወጡና ከበቅሎ ነጂዎች ጋር ሥራ አስያዙኝ። ሁለት ዓመት ፓርኩን የሚጎበኙ እንግዶችን ጓዝ እየጫንኩ፣ በእረፍቴ ደብተሬን እያገላበጥኩ ቆየሁ። እንደገና ተፈተንኩ። ለዩኒቨርሲቲ አልበቃሁም፤ ለመምህርነት ሥልጠና ግን በቃሁ። መጀመሪያ አምባራስ፣ ኋላም ደባርቅ፣ ጡረታ እስክወጣ ልጆች አስተማርኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን «ወድቀሃል» ያልኩት ተማሪ ብዙ ነው፤ አንዱንም ብቻውን ወደ ቤቱ ላለመስደድ ሞክሬያለሁ። ሁልጊዜ ተሳክቶልኛል አልልም።

ባጃጁ ከቤቴ ደጃፍ ሲደርስ ሹፌሩን ቀጥል አልኩት። ከልጅቷ ጋር እነሱ በር ላይ ወረድን።

«ምን ልበላት፣ ጋሼ?»

«እንደሆነው ንገሪያት። እኔ እዚሁ ነኝ።»

እናቷ ልብስ ስታጥብ ነበርና አረፋ የያዘ እጇን እያራገፈች ወጣች። ልጅቷ ነገረቻት። እናትየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ፣ «ታዲያ ምን በር ላይ አቆማችሁ? ግቡ እንጂ» አለች።

አባቴም፣ እማማ ጥሩም፣ ጋሽ ፈንታም ዛሬ የሉም። ሰው ባለፈበት ቀን አብሮት እልል የሚል አያጣም። እኔ በወደቅሁበት ቀን አብረውኝ የቆሙ ሰዎች ነበሩኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።