በሬ ይዤ ወደ ቡና አገር

ማክሰኞ፣ ቦንጋ፣ ሳይነጋ

ዶሮ ሁለተኛ ሳይጮህ ከቤት ወጣሁ። ቦንጋን ጉም ውጧታል፤ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው የማውቀው በሳሉ ነው። የጭነት መኪናው የሚነሳው አስራ ሁለት ሰዓት ነው ቢሉኝም እኔ አስር ተኩል ላይ እዚያ ቆሜያለሁ። የሰው አደራ ይዤ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም በስተርጅና፣ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ። አጻጻፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሰኝ። የእድራችን ጸሐፊ «ያየኸውን ጻፈው፣ ለጋዜጣ እንልከዋለን» ስላለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ ዘነበች ቴፒ ሊደረስ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀር ካለ መንደር አግብታ ትኖራለች። ባሏ ማርቆስ የአገሬው ተወላጅ ነው፤ ቡና አለው፣ ዛፍ ላይም ቀፎ ይሰቅላል። መስከረም ላይ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። የዘነበች ደብዳቤ አጭር ነበር። «ቡናው ቀልቷል፣ መርገፍ ጀምሯል። ማርቆስ ተኝቷል። የዓመት ኑሯችን መሬት ላይ ሊቀር ነው። ከቻላችሁ ብር ላኩልን።»

እድሩ ሲሰበሰብ ተነስቼ «እድር ለሞተ ነው እንጂ ለተሰበረ እግር አይደለም» አልኩ። የገዛ ዘመዴ ስለሆነች አዳላ እንዳልባል ነው። ሊቀመንበሩ «ታዲያ እስኪሞት እንጠብቀው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሦስት መቶ ብር ወጣ። «እንግዲያው እህል ይገዛላቸው፣ ብር እጅ ላይ ይተናል» አልኩ። «የጠየቀችው ብር ነው። ሄደህ በእጇ አስጨብጣት» አሉና እኔኑ ላኩኝ። ብሩን በጨርቅ ቋጥሬ ከሸሚዜ ሥር አሰርኩት። ማኅተም ያለበትን የእድሩን ደብዳቤም አብሬ ያዝኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ መንገድ ላይ

ሹፌሩ ተካ ይባላል። ወሬኛ ነው፤ እጁ መሪ ላይ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። የውሽውሽን የሻይ እርሻ አለፍን፤ ዳገቱ ሁሉ ጸጉሩን እንደተከረከመ ልጅ ራስ ነው። ከዚያ ጫካ፣ ጭቃ፣ ድልድይ፣ እንደገና ጫካ። ሺሺንዳ ላይ ቆጮ በጎመን በላን። ሰባ አምስት ሳንቲም ከፈልኩ፤ ጎመኑ አሸዋ ነበረበት።

«አባባ፣ ደረትዎን ምን ነካው? ከተነሳን ጀምሮ እየዳሰሱት ነው» አለኝ ተካ።

«ያመኛል።»

«እንግዲህ በየቁልቁለቱ የሚብስ ሕመም ነው።»

ኬላ ላይ የተደበቀ ቡና የሚፈልግ ጠባቂ አስወረደን። እጁ ቋጠሮዬ ላይ አረፈ።

«ይህ ምንድን ነው፣ አባት?»

«ብር።»

«የማን?»

«የኔ አይደለም።»

ተካ ራሱን ያዘ። የእድሩን ደብዳቤ አውጥቼ ለጠባቂው ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበና አጥፎ መለሰልኝ። «እኔም እናቴ ቡና አላት። በዚህ ወር ለቃሚ በወርቅ አይገኝም። ቶሎ ይድረሱ» አለኝ። ሰማሁት። መስማት ግን ሌላ፣ መቀበል ሌላ ነው።

ረቡዕ፣ ሚዛን ተፈሪ

ተካ ጭነት ሲያራግፍ ገበያ ወጣሁ። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ማር፣ በሸክም የመጣ ሙዝ። ሰዉ በአምስት ቋንቋ ይከራከርና ዋጋው ላይ ሲደርስ በአማርኛ ይስማማል። ከብት ተራው ዳር ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ ቦራ በሬ ቆሟል። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ጭምት ነው።

እኔ በማረሻ ያደግሁ ሰው ነኝ። በሬ ሳይ ሌላ ነገር አይታየኝም። ልቤ እንዲህ አለኝ፦ ቡና የአንድ ዓመት ነው፣ በሬ ግን የብዙ ዓመት ነው። ቡናውንስ ቢሆን ጎረቤት በደቦ ይለቅምላቸዋል። ባለ ደዌን ጥሎ የሚሄድ አገር የት አለ? ብሩን ብሰጣት ግን በጨው በሳሙና ያልቃል።

ሁለት መቶ ሃያ ብር ከፈልኩ። ደላላው ገመዱን ሲያቀብለኝ «ወዴት ሊወስዱት ነው?» አለ።

«ወደ ቴፒ።»

«ለዝንቡ ስጦታ ነዋ!» ብሎ ለጓደኛው ጠቀሰው። እዚያ ቆላ ውስጥ ከብት የሚያከሳ ዝንብ አለ፣ በሽታውን ገንዲ ይሉታል። እኔ የቀናብኝ መሰለኝ።

ተካ በሬውን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። «አባባ፣ እርስዎን ልጫን። እሱን ግን አልጭንም፣ ከላይ በርበሬ አለ።»

«እንግዲያው በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ሁለት ቀን ነው እኮ።»

«እግሬ የራሴ ነው።»

ጭሱን ትቶልኝ ሄደ።

ሐሙስ፣ ጫካ ውስጥ

ቦራ ሰባት እርምጃ ይሄድና ይቆማል። ዝናብ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። እኔ እንደሆንኩ መቆም አልወድም፤ እጎትተዋለሁ፣ እገፋዋለሁ፣ እለምነዋለሁ። ከቀትር በኋላ ዝንቡ መጣ። ቅጠል ቆርጬ ጀርባውን ሳራግፍለት ዋልኩ።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቡናው ቀልቷል። ሰው ሁሉ ቅርንጫፍ አጉብጦ ይለቅማል፤ ባል፣ ሚስት፣ አማት። ቀና ብሎ የሚያወራኝ የለም። ዶማ የያዘች አንዲት ባልቴት ብቻ ጎደሬዋን ስትቆፍር አስቆመችኝ።

«በሬው ምን ሊሠራ ነው?»

«ሊያርስ።»

«ምኑን? ጫካውን?»

በሬዬን ጎትቼ አለፍኩ። ከዚያ ጀምሮ ዓይኔ ሳልፈልግ ማሳ መቁጠር ጀመረ። በየማሳው ባለቤቱ የራሱን ይለቅማል። ታዲያ ለማርቆስ ደቦ የሚወጣው የትኛው ነው? እርምጃዬን አፈጠንኩ፤ በሬው ግን የራሱ ሰዓት አለው።

ዓርብ፣ እኩለ ቀን

ደረስኩ። ማርቆስ በራፉ ላይ እግሩን በቀርከሃ ታስሮ ተቀምጧል። ዘነበች ቡናው ውስጥ ናት፤ ክንዷ ተቧጭሯል። ከእግሯ ሥር የረገፈው ፍሬ ጠቁሯል። ስረግጠው ይንሸራተታል።

ሮጣ ጉልበቴን ሳመችኝ። ከዚያ ገመዱን ተከትላ በሬውን አየች።

«አጎቴ፣ ብሩ ደረሰልን?»

«ይኸው» አልኩ፣ ገመዱን እያቀበልኳት።

አልተቀበለችኝም።

«አጎቴ፣ በሬው ቡና ይለቅማል?»

ማርቆስ ሳቀ፤ እግሩን እስኪያመው ድረስ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ደቦ ጥሩ» አልኩ።

«ማንን እንጥራ? የሁሉም ቡና በአንድ ሳምንት ነው የቀላው። ለጎጆ ሥራ ቢሆን ገና ሳንጠራ ይመጡ ነበር። አሁን የሚመጣ ቢኖር የቀን ሠራተኛ ነው፤ እሱም ማታ ማታ ብሩን ካልጨበጠ ነገ የመንግሥት እርሻ ልማት ይሄዳል። እዚያ ይከፍሉታል።» ከዚያ ቀስ ብላ «ደብዳቤዬ ላይ ብር ብዬ ነበር» አለች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ዘግይቼ ነው ያፈሰስኩት።

የተረፈውን ሰማንያ ብር ከነጨርቁ ሰጠኋት። አልቆጠረችውም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ለቃሚ ፍለጋ ወጣች። እኔ ከማርቆስ ጋር ቀረሁ። በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የፈላ የቡና ቅጠል ከተቀመጠበት ቀዳልኝ፤ ያቃጥላል። ማርቆስ «አይዘኑ። እኔም ከዛፍ የወደቅሁት አትውጣ እየተባልኩ ነው» አለኝ። ይህን ሊያጽናናኝ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ቴፒ

ጠዋት ስነሳ አራት ለቃሚዎች ማሳው ውስጥ ገብተዋል። እኔ በሬዬን እየጎተትኩ ቴፒ ወረድኩ። የእርሻ ልማት ሠራተኞች ደመወዝ የተቀበሉበት ቀን ነበር። ከብት ተራው ድረስ አልሄድኩም፤ መንገድ ላይ ስምንት ሰዎች ከበቡኝ።

«ለቅርጫ ነው?»

«ለማረሻ ነበር።»

«ማረሻው የት አለ?» አለ አንዱ። ተሳሳቁ።

መቶ ዘጠና ብር ሰጡኝ። ዝንቡና መንገዱ አክስተውታል፤ ክርክሩም አልሆነልኝም። ቦራ ሲነዳ ዞር ብሎ አላየኝም። እኔ ግን አየሁት።

ማክሰኞ፣ እንደገና መንደሩ

የበሬውን ብር ለዘነበች ካስጨበጥኩ ወዲህ ለቃሚው ዘጠኝ ደርሷል። ማታ ማታ ዘነበች ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ለእያንዳንዱ በለቀመው ጣሳ ልክ ብሩን በእጁ ትሰጠዋለች። ሳምንት ሙሉ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች ስትለምን የነበረች ሴት ናት። አሁን «ቅርንጫፉን አትስበር፣ የከርሞም እንጀራዬ ነው» እያለች ትቆጣለች። ሰዉም እሺ ይላታል። ይህን፣ እህል ጭኜ ብመጣ ኖሮ፣ አላየውም ነበር።

ብሩን ምን እንደምታደርገው ሳላስበው ዓይኔ ይከተላታል፤ ልማድ ነው። ወጌሻውን አስጠርታ የማርቆስን እግር እንደገና አሳሰረች። ጨውና ሳሙናም ገዛች፤ ለአንድ ብር እንኳ አልሞላም። ከዚያ አስር ሰሌን አስመጣች። «ሰሌን ለምን?» አልኳት። «ቀይ ቡና መሬት ላይ ካሰጣሁት ይሻግታል፣ ዋጋውም ይወድቃል» አለችኝ። እኔ ሽማግሌው መቶ ጊዜ ባስብ ሰሌን የሚባል ነገር አይመጣልኝም።

በሬው ላይ የከሰርኩትን ሠላሳ ብር በጉልበቴ ልክፈል አልኩ። ስለዚህ ጣሳ አንጠልጥዬ ማሳ ገባሁ። ሂሳብ አልቀበልም አልኩ። ዘነበች «ይቀመጡ፣ እንግዳ ነዎት» ስትለኝ «እንግዳ በሬ ይዞ አይመጣም» አልኳት። ያን ጊዜ ሳቀች። ለቃሚዎቹ ሴቶች ግን አልማሩኝም፤ «ባለ በሬው፣ አረንጓዴውን እየለቀሙ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ዓይኔ ፈዟል፤ እጄ ግን ቶሎ ተማረ።

ዓርብ፣ መመለሻ

ትናንት ማምሻውን የመጨረሻው ዛፍ ተለቀመ። አስሩም ሰሌን ሞልቶ፣ የተረፈው ጎረቤት ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ማርቆስ በራፉ ላይ ሆኖ ረጅም ሸምበቆ ይዞ ዶሮ ያባርራል፤ ሥራ አገኘሁ ይላል። ከረገፈው በቀር ቡናው ገብቷል። ሲደርቅ ሸጠው ዓመቱን ይሻገራሉ። ቀፎውን ጥር ላይ እሰቅላለሁ ሲል ዘነበች በዓይኗ ብቻ መለሰችለት።

ስሰናበታቸው ዘነበች የእድሩን ጨርቅ አጥባ፣ አጥፋ ሰጠችኝ። ውስጡ አንድ ጭብጥ ኮረሪማ አለ። «ለእድሩ ሰዎች። ብሩ ደርሶኛል ይበሉልኝ» አለች። ስለ በሬው አንድ ቃል አልጨመረችም። እኔ ግን ይኸው ጽፌዋለሁ፤ እድርተኛው በጋዜጣ ከሚያነበው ከአፌ ቢሰማው ይሻላል፣ ስደርስ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

አውራ መንገዱ ላይ ብዙ አልቆምኩም። የመጣው የተካ መኪና ነው። በሩን ከፈተልኝ፤ ደረቴን አየ፣ እጄን አየ። ጥፍሬ ሁሉ በቡና ጠቁሯል።

«ይግቡ፣ አባባ። በሬውስ?»

ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«ቡና ለቀመ» አልኩት።