ስለ እጇ ሄዳ ስለ ሆዷ ተጠየቀች

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከአክስቴ ከአየለች ነው። እናቴ እኔን በወለደች ሰሞን ስለሞተች እህቷ አየለች ወስዳ አሳደገችኝ። ከእሷ ሌላ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም። ቤታችን ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚያወርደው መንገድ አጠገብ፣ በእንሰት የተከበበ የሣር ጎጆ ነበር፤ ጊዜውም ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው።

ያኔ ማታ ማታ ከብቶቹ በአንዱ ጎን ታስረው፣ እኛ በሌላው ጎን ምድጃውን ከበን፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እናዳምጣት ነበር። የምትነግረን በወላይትኛ ነው። በተረቱ ውስጥ ጅቡ ወደ በጎቹ ሲጠጋ በመዳፏ ጀርባችንን ቀስ ብላ ትዳስሳለች፤ እኛም እንጮሃለን። መዳፏ መለወጡን ያወቅሁት በዚህ ነው። ሻካራ የነበረው ወፍሮ፣ እንደ ከፋይ ለስልሶ፣ መስመሮቹ ጎድጉደው ነበር። ለመስቀል በሬ ታርዶ ሆድ ዕቃው ሲታጠብ ልጇ ደስታ ጨጓራውን አንስታ፣ «እማዬ፣ ይኸው እጅሽ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። አክስቴም ሳቀች።

ማንም አልደነገጠም። በአገራችን እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ የእንሰቱ ውሃ እጃቸውን ያጠቁረዋል፣ ያሻክረዋል። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ በእንሰቱ ተላከከ።

«እንሰቱ በላሽ እኮ፣ አየለች። መፋቁን ለደስታ ልቀቂላት» አለቻት ጎረቤታችን።

ለቀቀችላት። መዳፏን ቅቤ እየቀባች አሳረፈችው። በጋው አለፈ፤ እጇ ግን ባሰበት። አንገቷና ብብቷም ጠቆረ።

በመጨረሻ ባሏ በገበያ ቀን ሶዶ ወስዶ ለአንድ ፈረንጅ ሐኪም አሳያት። ስትመለስ ገና ደጃፉን ሳታልፍ ትስቅ ነበር። የዚያን ማታ ተረቱ ያ ሆነ።

«እጄን ዘረጋሁለት» አለች። «አገላበጠ፣ አገላበጠና በአስተርጓሚ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ምግብ ይስማማሻል? ሆድሽን ያምሻል?› እጄን ይዤ ብሄድ ስለ ሆዴ! ጥርሴን ቢያመኝ ጉልበቴን ሊያይ ነው!»

«ምን አልሽው?» አለቻት ደስታ።

«ሆዴማ ደህና ነው፣ የሚያንሰው እህል ነው አልኩት።»

ሐኪሙ ተመለሺ ብሏት ነበር። አልተመለሰችም። እኛ ከጅቡ ተረት ይልቅ የሐኪሙን ወደድን፤ ድገሚው እያልን እናስቸግራታለን፤ እሷም የፍሙ ብርሃን ፊቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ ድምፁን እያስመሰለች ትደግመዋለች። ያኔ ግን ምግቧን ሳትነካው ወደ እኔ መግፋት ጀምራ ነበር። ሁልጊዜ ይርበኝ ስለነበር በላሁት።

አንድ ማታ «ሆድሽን ያምሻል?» የሚለው ላይ ስትደርስ አቋረጠችው። ደስታ ቀጥዪ ብላ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«በቃ፣ ተኙ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያንን አልነገረችንም። ያስመልሳት ጀመር፤ ልብሷ ሰፋት። ባሏ በቃሬዛ ሶዶ ላውጣሽ ሲላት፣ «አሁን ደግሞ ሆዴን ባሳየው ስለ እጄ ሊጠይቀኝ ነው?» አለችው። ማንም አልሳቀም። ክረምቱ ሳይገባ ሞተች።

እኔ በየዘመዱ ቤት ዞርኩ። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም።

ካደግሁ በኋላ ለአንድ ሐኪም እጇ እንዴት እንደነበረ ነገርኩት። መዳፍ እንዲያ ሲወፍርና ሲሸበሸብ፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ በሆድ ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል፣ አንዳንዴም ሕመሙ ሳይሰማ እጅ ላይ ቀድሞ እንደሚታይ አስረዳኝ። ያኔ ተመልሳ ብትሄድ ትድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በዚያ ዘመን ያስቸግር ነበር አለኝ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ፣ አላውቅም።

ከነገረችን ሁሉ ቃል በቃል የማስታውሰው የሐኪሙን ጥያቄ ነው። ልጆቼ ተረት ንገረን ሲሉኝ እሱን አልነግራቸውም። መጀመሪያ መዳፋችሁን አሳዩኝ እላቸዋለሁ። ጨዋታ ይመስላቸውና እየሳቁ ይዘረጉልኛል።