የተቀበልኩት አማና

ይህን ለባሌም ለእህቴም ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ ነው የምነግራችሁ። እንድታዝኑልኝ ግን አልፈልግም።

ኮምቦልቻ መግቢያ ካለው ኬላ ፈታሽ ነኝ። ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት በእጃችን ያልፋል። ያን ሰሞን ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ክኒን በድንበር በገፍ እየገባ ስለነበር፣ አንድም እንዳያልፍ ጥብቅ ትእዛዝ ወረደልን። ትእዛዙ ባይመጣም እኔ ክኒኑን ከልቤ እጠላው ነበር። ደሴ መናኸሪያ የሚውሉ፣ በስም የማውቃቸው ልጆች ቆመው ሲያንቀላፉ፣ ለሃጫቸው ሲዝረበረብ አይቻለሁ። ስለዚህ ክኒን ያዝሽ ብሎ የሚወቅሰኝ ካለ ወዲያ ይሂድልኝ።

የእኔ ጥፋት ሌላ ነው።

ደሴ፣ ሸዋ በር ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑት እትዬ ዘሀራ እናቴ ስትሞት እንደ እናት የያዙኝ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሰዒድ የጭነት መኪና ይነዳል። ክኒን እንደሚያመላልስ ጠርጥረን ደጋግመን ፈተሽነው፣ ምንም አላገኘንም። እየሳቀብኝ አለፈ። ያ ሳቅ አንጀቴን አሳረረው።

እትዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። ልጠይቃቸው ነው የሄድኩት? አይደለም፤ ወሬ ልለቅም ነው። እሳቸው ግን ገና ሲያዩኝ አለቀሱ። ሰዒድ ራሱ መዋጥ ጀምሯል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለውም።

«አማና ብዬ ልንገርሽ» አሉኝ። «ለመንግሥት አትስጭብኝ። አንቺን ይሰማሻል፣ ምከሪልኝ።»

እኛ ዘንድ ዕቃም ይሁን ቃል፣ አማና ብለው አደራ ሲሰጡሽ አልቀበልም ማለት ይቻላል። ነውር የለውም። «ይቅርብኝ እትዬ፣ ሥራዬ ነው» ብል ይገባቸው ነበር። ከተቀበሉ በኋላ ግን መመለሻ የለም። ይህን እያወቅኩ፣ አፌን ሞልቼ «ወላሂ፣ አማና ነው፤ አብሽሩ» አልኳቸው። ክኒኑን የሚደብቀው ስኮርታው፣ መጠባበቂያው ጎማ ውስጥ እንደሆነ ነገሩኝ።

ሰዒድ በቀጣዩ ጉዞው ሲደርስ ስኮርታውን አስወርጄ አስቀደድኩት። ጎማው ክኒን ታጭቆበታል። አለቆቼ እጄን ጨበጡኝ። እንዴት አወቅሽ ሲሉኝ፣ ጎማው ስለከበደኝ አልኩ። ዋሸሁ። ሰዒድ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም፤ ማን እንደነገረኝ ገብቶታል። እስከ ዛሬ እናቱ ስንቅ ይዘውለት እስር ቤት ሲሄዱ ሳያያቸው ይመልሳቸዋል። የክኒኑ ባለቤት ነጋዴም አልተያዘም።

እስሩ ክኒኑን አስተወው፣ ነፍሱን አተረፍሽለት የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እባካችሁ አትርዱኝ። ይህን ሰበብ እኔም ለራሴ ሞክሬዋለሁ። ጎማውን በራሴ ብልሃት ደርሼበት ቢሆን ዛሬ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። እኔ የቀደድኩት በእናቱ አፍ ነው።

ልጃቸው በታሰረ ሰሞን እትዬ ዘሀራ ቤቴ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከጉያቸው የተቋጠረ መሐረብ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። እናቴ ከመሞቷ በፊት ለእኔ እንዲያቆዩላት የሰጠቻቸው ወርቅ ነው። እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ቢያስቀሩት ማን ይጠይቃቸዋል?

«የእናትሽ አማና ነው። ፍቺና እይው፣ የጎደለ እንዳይኖር።»

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እጄ ግን ቋጠሮውን ፈታ። እሳቸው ቆመው እያዩኝ፣ ኬላ ላይ እንደምፈትሸው ዕቃ አንድ በአንድ አገላበጥኩት። ምንም አልጎደለም። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ስለ ክኒኑ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ የምለምነው ሰው የለም። ነገም ባገኘው እይዘዋለሁ። እትዬ ዘሀራን ግን ብለምናቸው አውፍ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው በራቸውን የማልረግጠው። ልጃቸውን ወስጃለሁ። አውፍታቸውን ደግሞ አልወስድም።