ጥሩንባ በሽመናው አዳራሽ

ሰፈሩ «ጥሩንባ» ይላታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዋን ለሽመና ማሽን ገብራ ስለቀረች፣ ሰላምታዋ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው «ምስጢር ያለው ሰው ለጥሩንባ ይንገራት፣ ማታ ከሰፈሩ ይሰማዋል» እያለ ይቀልድባታል። ይቀልድ። ቀልዱን ከከንፈሩ ታነበዋለች። ይህንንም የተማረችው እዚያው ፋብሪካ ነው። ማሽኖቹ ሲጮኹ ድምፅ ማውጣት ትርፉ ድካም ነበርና፣ ሴቶቹ ከንፈር ብቻ እያንቀሳቀሱ ያወሩ ነበር። ሐሜቱም ምክሩም በዚሁ ነበር የሚሄደው።

ያን ሁሉ ስታወራ አንድ ነገር ግን ዋጠች። አንድ ማለዳ ፈረቃዋ ሊያልቅ ሲል ክር ተተብትቦባት የማሽኑን መዘውር መከላከያ ክዳን ፈታች። ክሩን አወጣች፣ ደወሉ ተደወለ፣ መከላከያውን ሳትመልስ ማሽኑን ለተረኛዋ አስረክባ ወጣች። ረስታ ነው። ተረኛዋ ደግሞ ታናሽ እህቷ ነበረች። መዘውሩ ሻሿን ያዘ፤ ሻሹም እሷን ጎተተ።

ማን ፈታው ሲባል አለቃው «ሟቿ ራሷ» ብሎ ጻፈ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚል ሰው ያን ቀን አልተገኘም። ጥሩንባም ዝም አለች።

የእህቷን ልጅ በአራት ዓመቷ ወስዳ አሳደገች። ልጅቷም «እማ» ትላታለች። «እናቴ ለምንድን ነው ያልተጠነቀቀችው?» ስትላት «እንጃ ልጄ» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጃ!

ያቺው ልጅ አድጋ፣ ተዘግቶ እርግብ የወረሰውን ያን ፋብሪካ ለወጣቶች ቴአትር ቤት ካላደረግሁ ብላ ተነሣች። ጣሪያው ተደፈነ፤ ዘይት የጠጣው ወለል ተፋቀ፤ ማሽኖቹ በቆሙበት ቦታ ወንበር ተደረደረ። መድረኩን እናቷ በወደቀችበት ጥግ አሠራችው። ሆን ብላ ነው።

«እማ፣ የመክፈቻው ቀን አንቺ ትናገሪያለሽ። ስለ ሥራው፣ ስለ እናቴም።»

«እኔን ብሎ ተናጋሪ!» አለች ጥሩንባ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። በልቧ ግን ቆርጣለች። ሞት ሳይቀድመኝ በሰው ፊት እናገረዋለሁ፤ ልጄ እናቷ ንጹህ እንደነበረች ትወቅ፤ ከዚያ ወዲያ ብትጠላኝም ትጥላኝ።

በመክፈቻው ቀን ከሰዓት መድረክ ላይ ወጣች። ልጅቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ጥሩንባ አፏን ከፈተች፣ ብሎኑን በየትኛው እጇ እንደፈታች ሳይቀር ተናገረች። «የፈታሁት እኔ ነኝ። እናትሽ ጥፋት የለባትም። ይቅር በይኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ቆይቶ አጨበጨበ። ገረማት። ለዚህም ይጨበጨባል እንዴ?

ልጅቷ ወደ መድረኩ ወጥታ እጇን ያዘች። «ሰማሽኝ?» አለቻት ጥሩንባ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የጥሩንባ እንባ ዱብ ዱብ አለ። የሃያ ሁለት ዓመት ሸክም፣ እንዲህ በቀላሉ!

ልጅቷ ፊቷን መድረኩ ዳር ወደቆመው መብራት ሠሪ አዙራ የሆነ ነገር ሹክ አለችው። ጥሩንባ ከንፈሯን አነበበች። «አንድ ቃል እንኳ አልሰማሁም። ድምጿ ጨርሶ አልወጣም። ራሴን የነቀነቅሁት እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ቀን ድምፅ አውጥታ አታውቅም፤ አፏ የለመደውን አደረገ። እሷ እንደሆነ የራሷን ድምፅ አትሰማ፣ በምን ትወቀው? ልጅቷም የሽመና ክፍሉን የከንፈር ንግግር አልተማረችም፤ ቤት ውስጥ የምታውቀው ጩኸቷን ብቻ ነው።

አሁን ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ይቅርታው እጇ ገብቷል፣ ሰዉም አጨብጭቦላታል። ዝም ልትል ምንም አልቀራት፤ ዝምታ እንደዚያን ቀን ጥሟት አያውቅም።

መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች፣ ድምፁ መውጣቱን በንዝረቱ ልታውቅ። «ልጄ» አለች። መዳፏ ነዘራት። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«መከላከያውን የፈታሁት እኔ ነኝ። እናትሽ አይደለችም።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ጥሩንባ ደገመችላት። ያኔ የልጅቷ እጅ ቀስ ብሎ ከእጇ ወጣ። የሆነ ነገርም አለቻት፤ ከንፈሯ ግን ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ጥሩንባ ልታነበው አልቻለችም።