ቱቦው ዛሬም እንደተቋጠረ ነው

ወገኖቼ፣ ልመሰክር የተነሣሁት ጌታ ያደረገውን ለመናገር፣ ያላደረገውንም አደረገ መባሉን ለማረም ነው። ሮማናት ካፌ ተቀምጬ፣ “የመምህሩ ልጅ ያስቋጠረችው የማህፀን ቱቦ በጸሎት ተፈታ” ብለው ስለ ልጄ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተፈታም! ክብር ለስሙ ይሁን፣ አልተፈታም!

ትዝታዬን ብዙ አላምነውም፤ ስለዚህ ልጄ ከፊት ተቀምጣለች፣ ስሳሳት ታርመኛለች። ሁለት ልጆች በቀዶ ጥገና ከወለደች በኋላ በሐኪም ምክር ቱቦዋን አስቋጠረች። በጦርነቱ ወራት መድኃኒት ሲጠፋ ሁለቱንም በሕመም ተነጠቀች። እኔ ያኔ አላምንም ነበር፤ እርሷንና ባሏን እዚህ ጉባኤ አድርሼ ከበር እመለስ ነበር።

ዳግም ለመውለድ ስትነሣ እህቴ፣ “በገዛ እጇ የዘጋችውን በር ታንኳኳለች?” አለች። ልጄም አክስቷን፣ “አሞይ፣ በሩ ካልተከፈተ በመስኮት እገባለሁ” አለቻት።

ሐኪሙ መስኮቱን አሳዩን። “ቱቦውን አንነካውም። እንቁላሏን ከባሏ ዘር ጋር ከማህፀን ውጭ አዋሕደን ፅንሱን ወደ ማህፀኗ እንመልሳለን። ዕድሜዋ ግን ገፍቷል፤ ተስፋ አልሰጥም።” የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ።

በሁለተኛው፣ ጠዋት ይመስለኛል...

“ከሰዓት ነበር፣ አቦይ!”

እሺ፣ ከሰዓት። ተራዋን ስትጠብቅ እጄን ያዘች። “አቦይ፣ ዛሬ እርስዎ ይጸልዩልኝ፤ እኔ ቃል አልቆብኛል።”

“ለማላውቀው ምን እላለሁ?”

“እንደ ተማሪ አይፈትኑት እንጂ የፈለጉትን ይበሉት።”

ከወንበሩ ወርጄ ተንበረከክሁ። “ካለህ፣ ልጄን ብቻዋን አትተዋት” አልሁ። ሌላ ያልሁትን አላስታውስም። ውስጤ ግን ዐረፈ። ውጤቱ ሳይታወቅ አመንሁ፤ ይህን አስምሩበት! ባትፀንስ ኖሮም ዛሬ እዚህ እቆም ነበር። ጌታ ይባረክ፣ ፀነሰች!

ዛሬ ጠዋት አንድ ወንድም፣ “መምህር፣ የላቦራቶሪውን ነገር ይተዉት፤ የጌታን ክብር ይቀንሳል” አሉኝ። ልጄ ቀደመችኝ፤ “ጋሼ፣ እስቲ መነጽርዎን አውልቀው መጽሐፍ ቅዱስ ያንብቡልን!” አልተወውም፣ ወገኖቼ! በሐኪም እጅ ቢሠራ የሚያንስ ጌታ አላመለክሁም።

በነጠላ ተሸፍናችሁ ወደ ሕክምና የምትሄዱ እኅቶች፣ ፊታችሁን ግለጡ! ልጅ እንደምታገኙ ላረጋግጥላችሁ አልችልም። ብቻችሁን እንደማይተዋችሁ ግን እመሰክራለሁ፤ ታመኑበት። ቱቦው ዛሬም እንደተቋጠረ ነው። በመስኮት የገባችው ግን ያቻትላችሁ፣ እናቷ ጭን ላይ ሆና በጩኸት ታቋርጠኛለች።

ሃሌሉያ፤ ትጩኽ!